ስምንተኛው ሞተር

«ወሬውን ተዉት፤ ሥራውን ነው ማየት!» አሉ ጋሽ እሸቴ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ድረስ በአውቶቡስ ሲንገላቱ ያደሩትን ሦስት ለቅሶ ደራሾች ከድንኳኑ አስነሥተው ወደ ጓሮው ክፍል እየመሩ። «እዚያ ድረስ የተወራው ውሸት እንዳይመስላችሁ። ይኸውላችሁ፣ የባንቲሁን ወርቅ እጅ!»

ባንቲሁን ከኋላቸው ቆሟል። ሚስቱ ውብነሽ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ያልተላጨው ጢሙ ሽበቱን አውጥቶበታል። እንግዶቹ ደፉን እንዳለፉ ባሉበት ቆሙ።

ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የያዘ የጠፈር መርከብ በሁለት የእንጨት ማቆሚያ ላይ ተጋድሟል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ ይሆናል። አመድማ ቀለም ተቀብቶ፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በመስኮት፣ በቱቦ፣ በመሰላልና በአንቴና ተሸፍኗል። ጠጋ ብሎ ያየው ሰው አንዱ ቱቦ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ሌላው የጥርስ ብሩሽ እጀታ መሆኑን ይደርስበታል። ራቅ ሲል ግን ያ ሁሉ ይጠፋና፣ አንድ ከተማ ሕዝብ ጭኖ አሁን ተነሥቶ የሚሄድ ነገር ይመስላል።

«ይህን ሁሉ በእጅህ?» አለ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ይደረግ» አለ ባንቲሁን መሬት መሬት እያየ። «የባቡሩ ሥራ ሲቀዘቅዝ... እጅ ሥራ ከፈታ ያመዋል።»

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ሔርሜላ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቷን አየችው። ከዚያ ሻዩን ለማንም ሳትሰጥ፣ ብርጭቆዎቹ እየተንቀጫቀጩ፣ ተመልሳ ወጣች።

መርከቡን የሠራችው ውብነሽ ነበረች። ባንቲሁን አንዴ ካመጣላት አንድ ብረት በቀር እጁን አላስገባበትም። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። አንዷ ትናንት ተቀበረች። ሁለተኛዋ አሁን ሻዩን ይዛ ወጣች። ሦስተኛው እሱ ራሱ ነው።

ውብነሽ ከወሎ ተነሥታ ጅቡቲ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ከሚኖር የፈረንሳይ መኮንን ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ባንቲሁን ግን የአገሩ ልጅ ነበር። አያቱ ሐዲዱን ተከትለው መጥተው እዚሁ ቀርተዋል፤ አባቱም እሱም ዕድሜያቸውን የገፉት በባቡሩ መጠገኛ፣ ሠራተኞቹ «አትሌየ» በሚሉት ግቢ ውስጥ ነው። ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲያሾር ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ የሚስተካከለው የለም ይባላል። «ወርቅ እጅ» የሚለውን ስም ያወጡለት ጋሽ እሸቴ ናቸው፤ የዚያን ጊዜ አለቃው ነበሩ። እንዲህ ያለ ባለሙያ የሰው ቤት ሠራተኛ ሲያገባ ብዙ ሰው ተገረመ። እሱ ግን ደስ አለው። አነሣኋት ብሎ አሰበ። ውብነሽም ስታመሰግነው ኖረች።

ትዳር ከያዙ በኋላ እዚያው ቤት በተመላላሽ ትሠራ ነበር። በፈረንጆቹ 1999 ዓመት አንድ አርብ ማታ ስትመለስ ፊቷ ልክ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«ባንቲ፣ መሲዩ ካሴት ከፍቶ አንድ መርከብ አየሁ። ሰማይ ላይ የሚሄድ! ሲያልፍ አያልቅም እኮ። እጅጌ ተኩሼ ቀና ስል፣ ኮሌታ ተኩሼ ቀና ስል፣ እሱ ገና እያለፈ ነው።»

«ፊልም ነዋ!»

«አውቃለሁ። መስኮቱን ብታየው ግን። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ መስኮት ማን ይወለውለዋል እላለሁ!»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ፈረንሳዮቹ ተዛውረው ሲሄዱ አሮጌውን ቴሌቪዥንና ማጫወቻውን ከነካሴቱ ለውብነሽ ተዉላት። ሰው ደስ ብሏት ፊልሟን የምታይ መሰለው። እሷ ግን ካሴቱን ታቆመውና፣ የልብስ ስፌት ክር እስክሪኑ ላይ ወጥራ መርከቡን ትለካለች። ክሩ ላይ ቋጠሮ እየቋጠረች በደብተር ትጽፋለች፤ ታባዛለች። የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነበር።

መጀመሪያ የሠራችው ከላስቲክ የእርጎ ጣሳ የተቆረጠ፣ አሥራ ሁለት መስኮት ያለው አንድ ነጭ ስንጥር ነው። ባንቲሁን ለማሾፍ አነሣው። እንደ ልማዱ ከደረት ኪሱ ካሊበሩን አውጥቶ ለካው። የመጀመሪያው መስኮት ሁለት ሚሊ ነው። ሁለተኛው ሁለት ሚሊ። አሥራ ሁለተኛው ሁለት ሚሊ። በመካከላቸው ያለው ርቀትም እንዲሁ፣ የፀጉር ያህል ልዩነት የለውም።

«በምን ቆረጥሽው?»

«በምላጭ። ምነው፣ ተበላሸ?»

ካሊበሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ስንጥሩን መልሶላት ወደ ምሳው ሄደ። ቅናት የገባበት ያን ዕለት ነው። በሌላ ወንድ ቀንቶ ቢሆን ስም ነበረው፤ ይጮኻል፣ ይደባደባል፣ ይወጣለታል። በሚስቱ ጣት የቀና ባል ምን ብሎ ይጮኻል?

*

በሳልስቱ ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ድንኳኑ ካርቲየ 6 የሚባለውን ሰፈር ጠባብ መንገድ ስለዘጋው የባጃጅና የጋሪ ነጂዎች በሌላ በኩል ይዞራሉ። ሙቀቱ ሸራውን ዘልቆ ይገባል። ሴቶቹ በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ በሹክሹክታ ያወራሉ።

«ምስኪን ባንቲሁን፤ ለሷ ብሎ እንዳልለፋ።»

«እሷስ ብትሆን! ያንን መርከብ አቧራ እንዳይነካው ስትጠርግለት አልነበር የኖረችው?»

ባንቲሁን ይሰማል። ያጎነብሳል። ለቅሶ ደራሹ ሐዘን ያጎበጠው ይመስለዋል።

ቀትር ሲያልፍ ሐዲጃ መጣች። ቡላኦስ ገበያ ጥግ ላይ ባልዲና ሳህን የምትሸጥ፣ አማርኛም ፈረንሳይኛም እንደ ሶማልኛው የሚቀናት ሴት ናት። ባንቲሁን ከሩቅ ያውቃታል እንጂ ቤቱ መጥታ አታውቅም። በሶማልኛ «ሰሚር ኢዮ ኢማን» አለችው፤ ትዕግሥትና እምነት ይስጥህ ማለቷ ነው። ከዚያም በእጇ ያንጠለጠለችውን ከረጢት እግሩ ሥር አስቀመጠች። ውስጡ የተሰበረ ክዳን፣ የተሰነጠቀ ማበጠሪያ፣ ቆብ፣ እጀታ፣ የአሻንጉሊት ጎማ ነው።

«ይሄ የውቤ ነው» አለች። «የተሰበረ ሁሉ የሷ ነው፤ አሥር ዓመት ያስቀመጥኩላት። አንድ ወር ስትቀርብኝ አመማት አልኩ። ዋላሂ፣ ሞተች አላልኩም።» ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «መርከቧን ላየው እችላለሁ? በአፏ ብቻ ነው የማውቀው።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ደግነት በተሞላበት ድምፅ አረመቻት። «መርከቡ የባንቲሁን ነው፣ እህቴ።»

«የማን?»

ሔርሜላ የንፍሮ ሳህን እንደያዘች መሐል ላይ ቆማ አባቷን ታየዋለች። ባንቲሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሁለታችን ነው» አለ።

ሐዲጃ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «አንተ የትኛውን ሠራህ?»

«ሐዲጃ፣ ሐዘንተኛ እንዲህ አይጠየቅም» ብለው ጋሽ እሸቴ ገቡበት። «ቁጭ በይ፤ ቡና ቅዱላት።»

ቁጭ አለች፤ ከፔርሙዝ የተቀዳላትንም ጠጣች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ባንቲሁንን ግን ሌላ እሳት ለኮሰችበት። አሥር ዓመት! ውብነሽ አሥር ዓመት ሙሉ ገበያ እየሄደች፣ ከባልዲ ክምር መሐል ተቀምጣ፣ ስለ መርከቧ ታወራ ነበር። ምን እያለች? እንዴት እየሳቀች? ለሱ ግን ያወራችው የመጀመሪያዎቹን ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ ዝም አለች። ዝም ያሰኛት ማን እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም በሐዲጃ ቀና። ሚስቱን አንዲት የባልዲ ነጋዴ ከሱ አብልጣ ታውቃታለች።

*

ወሬው የእሱ የሆነው እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2007 ከአንድ የባህል ማዕከል የተላከ ሰው፣ ካርቲየ 6 ውስጥ ድንቅ ሞዴል የሠራ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ቤታቸው መጣ። ባንቲሁን ከሥራ መግባቱ ነበር፤ ቱታው ግራሶ በግራሶ ነው። ሰውዬው መርከቡን አየ፤ ቱታውን አየ፤ ከዚያ እጁን ይዞ ናጠው። «መሲዩ፣ እርስዎ ታላቅ ባለሙያ ነዎት!» አለው በፈረንሳይኛ።

አይደለሁም ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ባንቲሁን ቃሉን ፈለገው። አፉ ውስጥም አገኘው። በዚያው ቅጽበት ውብነሽ ሻይ ይዛ ገባች፤ ፈረንሳይኛውን አሳምራ ትሰማለች። ቆመች። እሱ ይናገራል ብላ ጠበቀች። እሱ ደግሞ እሷ ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ውብነሽ ትሪውን አስቀመጠችና እንግዳውን «ስኳር ልጨምር?» አለችው።

መርከቡ በማዕከሉ ለሁለት ሳምንት በታየበት ትርዒት ላይ ካርዱ የባንቲሁንን ስም ያዘ። የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጥቶ አነጋገረው። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ልኬት፣ ስለ ትናንሽ ነገሮች ክብር ተናገረ፤ ሁሉንም ከውብነሽ የሰማው ነው። እሷ ከጎኑ ቆማ አቧራ በጨርቅ ትጠርጋለች። ማታ ጫማዋን እያወለቀች አንድ ነገር ብቻ አለችው።

«ስትናገር ያምርብሃል።»

ብትጮህ፣ ብትሳደብ፣ ይሻለው ነበር። ከዚያ በኋላ ባንቲሁን እያንዳንዱን ምስጋና ይጠጣዋል፤ ምስጋናው ግን አያረካውም፤ ጭራሽ ያስጠማዋል። ሰው ባመሰገነው ቁጥር ምስጋናው በውስጡ አልፎ ወደ ባለቤቱ ሲሄድ ይሰማዋልና።

*

በአራተኛው ቀን ጋሽ እሸቴ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው ከጎኑ ተቀመጡ።

«ከኢትዮጵያውያኑ ማኅበር ጋር ተማክረናል» አሉት። «መርከቡ በማኅበሩ አዳራሽ ይቀመጥ። ልጆቻችን ያዩት። ይኸው የናስ ሰሌዳ አሠርተናል።» ጥቅሉን ፈቱት። ፊደሉ በደንብ ተቀርጿል። «ባንቲሁን ለባለቤቱ ለውብነሽ መታሰቢያ የሠራው» ይላል።

ባንቲሁን ሰሌዳውን ያዘ። ናሱ ከሙቀቱ የተነሣ እጁን ይፈጃል።

«በሰባቱ ዕለት ሕዝብ ፊት እናነበዋለን። አንድ ነገር ብቻ፣ ከጅራቱ በኩል አንዱ የጎደለ ይመስላል። እሱን ጨርሰው እንጂ። ላንተ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለ ባንቲሁን።

መርከቡ ጅራቱ ላይ ስምንት የሞተር አፎች ሊኖሩት ይገባል። ውብነሽ ሰባቱን ጨርሳ ነበር የደም ግፊቷ ድንገት የጣላት። እያንዳንዱ አፍ የተሠራው ከፊት ቅባት ክዳን ነው፤ ዙሪያውን ገመድ የመሰለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ተጠምጥሞበታል። በውስጡ ደግሞ ከእርጎ ጣሳ የተቆረጡ ሠላሳ ስድስት ስስ ቅጠሎች እንደ ማራገቢያ ተደርድረዋል። ስምንተኛው ቦታ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ።

ለቅሶ ደራሹ ለምሳ ሲበተን፣ ወንዱም ጫቱን ይዞ ጥላ ሲፈልግ፣ ባንቲሁን ወደ ጓሮው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ሠላሳ ዓመት ብረት የገዛ እጅ ነው። ክዳን አገኘ፤ ጣሳ ቆረጠ። የመጀመሪያው ቅጠል ጠበበ። ሁለተኛው ሰፋ። ብረት ሲገፉት መልሶ ይገፋል፤ የት እንደደረስክ ይነግርሃል። ይህ ላስቲክ ግን ይተኛል፣ ይሸሻል፣ ይጣመማል። ኮላው ከጣቱ ጋር ይዞት ይመጣል። አሥረኛው ላይ ሁሉም እንደ ሰከረ ሰው ተደጋግፎ ወደቀ። ወረወረው። እንደገና ጀመረ። በአምስተኛውም ቀን ጀመረ።

እንዲያ ተጎንብሶ ሳለ ዓይኑ ከማቆሚያው ሥር የተጋደመ ረጅም ብረት ላይ አረፈ። ያንን ብረት የሚያውቀው እሱ ነው። ሥራዋ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ «ባንቲ፣ ገላው ከበደኝ፤ እንደ አከርካሪ የሚይዝልኝ ቀጥ ያለ ዘንግ አምጣልኝ» ብላ ለመነችው። አትሌየው ውስጥ ቀጥ ያለው ሞልቷል። እሱ ግን ጭነት አጉብጦት ከተጣለው መሐል መረጠላት። ጥምዙን ዓይን አይለየውም፤ ለካሊበር ብቻ የሚታይ ነው። አከርካሪው ተደብቆ ሥራው በላዩ ላይ ወጣበት። በዓመቱ ሙቀቱ ሲበረታ የተለጠፈው ሁሉ በስፌቱ ተሰነጠቀ፤ አፍንጫው ወደ ግራ ዞረ። ውብነሽ ያለ ለቅሶ ስንጥር በስንጥር ገነጠለችው። ከተጣለ የመጋረጃ ዘንግ ሌላ አከርካሪ አበጅታ እንደገና እስክትሠራው ስምንት ወር ፈጀባት። «አይዞሽ» ብሏት ነበር ያኔ፣ «ከመጀመሪያውም ያንቺ ዓይነት ሥራ አልነበረም።» ያን ማታ ደህና እንቅልፍ እንደተኛ ያስታውሳል።

«አባባ፣ ኮላ አበዛህበት።»

ሔርሜላ መቼ እንደገባች አላወቀም።

«አውቃለሁ!» አለ ተቆጥቶ።

አልሄደችም። ከፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ምላጩን አነሣች። ቅጠሉን በአውራ ጣቷ ጥፍር ለክታ ቆረጠችው። ሌላ ቆረጠች። ኮላውን በመርፌ ጫፍ ነክታ አስቀመጠችው። ቅጠሉ ቆመ። ሁለተኛውም ቆመ። ምንም አልለካችም።

«እናትሽ ናት ያስተማረችሽ?»

«አዎ።»

«እኔን ለምን አላስተማረችኝም?»

ሔርሜላ ቀና ብላ አየችው። «ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

አምስት ቅጠል ተደረደረ። ልጅቷ የሱን ዓይን ተከትላ ከማቆሚያው ሥር ያለውን ብረት አየች።

«እማዬ ታውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ያመጣህ ዕለት ሲሚንቶው ላይ አንከባለለችው። ተንገጫገጨ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ 'እማዬ፣ ጠማማ ነው እኮ፤ ለአባባ እንንገረው' አልኳት። 'ተዪው' አለችኝ። 'ለዚህ ሥራ ብሎ ያመጣልኝ የመጀመሪያ ነገር ነው፤ እንዴት ብዬ እመልስበታለሁ?'»

ባንቲሁን አንድ ነገር ሊናገር ፈለገ። ያልጠበቀው ነገር ግን ያን ጊዜ መጣበት። የልጁን አውራ ጣት እያየ ነበር፤ ስድስተኛው ቅጠል በጣቷ ሥር ቀጥ ብሎ ሲቆም አየ፤ ያ የድሮው ነገር ተመለሰበት። በልጁ ቀና። እናቷ አፈር ከለበሰች አምስት ቀን አልሞላትም፣ እሱ በገዛ ልጁ ጣት ቀና። ከሞቷ ዜና ይልቅ ይህ አስደነገጠው። ተነሥቶ ወጣ። የሠራውን ጠማማ የሞተር አፍ ግን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከቶት ነበር።

*

በሰባቱ ዕለት ፍትሐቱ አልቆ፣ ተዝካሩ ተበልቶ፣ ሕዝቡ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። የድሮ የአትሌየ ሰዎች ከፊት ናቸው። ሐዲጃም ከሴቶቹ መሐል አለች። ጋሽ እሸቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሰሌዳውን ከፍ አድርገው፣ ንግግር ጀመሩ። ስለ ባለሙያ እጅ ተናገሩ፤ ስለ ታማኝ ባል ተናገሩ። ሊያነቡ ሲሉ ባንቲሁን ተነሣ።

«ጋሽ እሸቴ፣ ይቅርብዎ» አለ። «መርከቡን እኔ አልሠራሁትም። ውብነሽ ናት የሠራችው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ።»

የጋሽ እሸቴ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አያችሁ? ትዳር ማለት ይህ ነው! የገዛ ላቡን ለሟች ሲሰጥ!»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አንዱ ከኋላ «ሐዘኑ ነው፤ ውሃ ስጡት» አለ። ሌላው «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል» ሲል ተሰማ። ባንቲሁን ዙሪያውን ቃኘ። እውነቱን ተናግሮ ውሸቱ ይበልጥ ጸደቀለት። ተመልሶ ቢቀመጥ ከዚህ በኋላ ማንም አይጠይቀውም። ሔርሜላ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆማለች፤ እንደ ሌላው ጊዜ አላየችውም፤ እግሯን ነበር የምታየው።

እጁን ኪሱ ከቶ ወረቀቱን አወጣና ፈታው።

«ከጅራቱ አንድ ጎድሏል ብለውኝ አልነበር? የኔ ሥራ ይኸው። ሁለት ቀን ሙሉ የለፋሁበት ነው። ከሰባቱ ጋር አስተያዩት። እናንተ የእጅ ሥራ ታውቃላችሁ።»

ጋሽ እሸቴ የሞተሩን አፍ ተቀበሉ። አገላበጡት። ለጎረቤታቸው ሰጡት፤ እሱም ለሚቀጥለው። ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች ተነሥተው ወደ ጓሮው ሄዱ። ባንቲሁን ቆሞ ጠበቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእጁ የተበላሸ ሥራ ወጥቶ አያውቅም፤ የተበላሸ ቢኖር እንኳ ሰው ሳያየው ያቀልጠው ነበር። አሁን አለቃው በእጃቸው ይዘውታል። ልብሱን አውልቆ የቆመ ያህል ብርድ ብርድ አለው፣ በዚያ ሙቀት።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ጋሽ እሸቴ አልተቀመጡም።

«ይህ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ያኛው...»

«የሷ ነው።»

«ስንት ዓመት ነው?»

«አሥር ዓመት ፈጀባት።»

«የጠየቅሁህ እሱን አይደለም። አንተ ዝም ያልክበትን ነው።»

«ሦስት ዓመት» አለ ባንቲሁን። ድምፁ ተቆረጠ። «ቀንቼባት ነበር።»

ጋሽ እሸቴ የናሱን ሰሌዳ አግዳሚው ላይ በፊቱ ደፉት። አልተሳደቡም። አጠገቡ ካለው ወንበር ነጠላቸውን አንሥተው ሌላ ቦታ ሄደው ተቀመጡ። ያኔ ሐዲጃ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። ስድስት ቀን ያለቀሱት አቧራ ስትጠርግ ለኖረች ደግ ሴት ነበር፤ አሁን ለሌላ ሴት፣ ጎረቤታቸው ሆና ሳያውቋት ለሞተች ሴት፣ እንደ አዲስ አለቀሱ። «ባለሙያዋ!» እያሉ። «ወርቅ እጇ!» ባንቲሁን ያንን ስም በሷ ላይ ሲሰማው ወጋው። ወጋው፤ ግን ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዎቹ ድንኳኑን ማፍረስ ጀመሩ። ብዙዎቹ ሲሰናበቱት እጁን አልጨበጡትም፤ ጥቂቶቹ ጨበጡት። ወደ ጓሮው ክፍል ሲገባ ሔርሜላ ከመርከቡ ጅራት ሥር ተንበርክካለች። እሷ የጨረሰችውን ስምንተኛውን የሞተር አፍ ቀዳዳው ላይ ልታስገባ ነው፤ አንድ እጅ ግን አልበቃትም። ዞራ አየችው። ብዙ አሰበች።

«ያዝልኝ» አለችው። «እስኪደርቅ። አትጫነው፣ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ።»

ተንበረከከ። በሁለት ጣቱ ያዘው። ክብደት የለውም፤ የወፍ ጫጩት የያዘ ይመስላል። ጉልበቱ አመመው፤ ላቡ በዓይኑ ገባ፤ አልጠረገውም። ከውጭ «ባንቲሁን! የዚህ ሸራ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ አንድ ሰው ተጣራ። ጣቱን አላነሣም። ሔርሜላ ዕቃውን ሰበሰበች፤ ምላጩን አጠበች፤ የኮላውን ቆብ ከደነች። ተመልሳም በጥፍሯ ጫፍ ስፌቱን ነካ ነካ አደረገችው።

«ደርቋል፣ አባባ» አለችው። «ልቀቀው።»

ባንቲሁን አልለቀቀውም።